ክርክር፦ ለጆተኒ አንድ ይፋዊ ጠረጴዛ ይበጃል ወይስ ሁሉም ይቆዩ?

ዘንግ ቆጣሪ፦
ለክርክር የቀረበው ነጥብ ይህ ነው። ዓለም አቀፉ የጆተኒ ፌዴሬሽን፣ በምህጻሩ አይቲኤስኤፍ፣ በ2002 ፈረንሳይ ውስጥ ሲቋቋም አንድ ጠረጴዛ መርጦ «ስፖርቱ የሚካሄደው በዚህ ብቻ ነው» አላለም። አንድ ሰሞን አምስት አምራቾችን ጎን ለጎን አስቀመጠ፦ የፈረንሳዩን ቦንዚኒ፣ የጣሊያኖቹን ጋርላንዶና ሮቤርቶ ስፖርት፣ የጀርመኑን ሌዎንሃርትና የአሜሪካውን ቶርኔዶ። ዝርዝሩ በኋላ ቢነካካም አካሄዱ ያው ነው። በአገሮች የዓለም ዋንጫ ሁለት ቡድኖች ሲገናኙ ጨዋታው በየመረጡት ጠረጴዛ ላይ ይከፋፈላል። አንዳንዱ ይህን ፍትሕ ይለዋል፤ ሌላው ለፋብሪካ የተሰጠ ጉርሻ ነው ይላል። በመለኪያ እንከራከር። ዓመቶቹ በፈረንጆች ይሁኑ፣ አለዚያ እንደናገራለን።

ባለ ቶርኔዶ፦
አንድ ጠረጴዛ። ሁሉም ጋ ስምንት ዘንግ አለ፤ አሰላለፉም አንድ ነው፦ በረኛ፣ ሁለት ተከላካይ፣ የተቃራኒው ሦስት አጥቂ፣ አምስት አማካይ፣ ከዚያ በግልባጩ። ልዩነቱ በረኛው ላይ ይጀምራል። ቦንዚኒ ላይ በረኛው አንድ ነው፤ በቡድን 11 ሰው። ቶርኔዶ ላይ የበረኛው ዘንግ ሦስት ሰው ይሸከማል፤ በቡድን 13። ለጌጥ አይደለም። የቶርኔዶ ሜዳ እስከ ጥግ ድረስ ጠፍጣፋ ስለሆነ አንድ በረኛ ብቻ ቢኖር ጥግ ላይ ለቆመች ኳስ የሚደርስላት የለም። ባለ አንድ በረኛዎቹ ደግሞ ጥጉን ከፍ አድርገው ኳሷ ራሷ ተንከባልላ እንድትመለስ ያደርጋሉ። ስለዚህ ተከላካዩ የሚለማመደው ነገር ከመሠረቱ ይለያያል፤ አንዱ ጋ ከጥግ ኳስ ማውጣት ጥበብ ነው፣ ሌላው ጋ ጥያቄው ራሱ አይነሳም።

ሜዳውን እዩት ደግሞ። ቦንዚኒ ሊኖሌም፣ ሰዎቹ አሉሚኒየም፣ ኳሷ ለስላሳ። ቶርኔዶ ጠንካራ ላሚኔት፣ ኳሷ ደረቅና ሻካራ። የቶርኔዶ ሰዎች የራስና የእግር ክብደታቸው የተመጣጠነ ስለሆነ ዘንጉን አዙረህ ብትለቀው ባዞርከው ቦታ ይቆማሉ። ጣሊያኖቹ መስታወት ላይ መጫወት ይወዳሉ። «እባብ» የምንለውን ምት ውሰዱ፦ መሐል አጥቂው ኳሷን ረግጦ ይይዛታል፣ ወደ ጎን ይጎትታታል፣ ከዚያ እጀታው ከእጅ አንጓ ወደ ጣት ይንከባለልና ይመታል። ለመርገጥ የሚያስፈልገው ጫና በየጠረጴዛው ሌላ ነው። ሲበዛ ኳሷ ትፈናጠራለች፣ ሲያንስ ታመልጣለች። ይህን አምስት ጊዜ እንደ አዲስ መማር ተሰጥኦን አይለካም። የሚለካው ማን አምስት ጠረጴዛ ያለበት ክለብ አጠገብ እንደሚኖር ነው።

የፒሬኔ ዝናብ፦
ወንድሜ፣ «አንድ ጠረጴዛ» ስትል የማንን? ባለቤት አለኝ የሚለው ብዙ ነው። እንግሊዞች ሃሮልድ ሰርልስ ቶርንተንን ይጠራሉ። ስፔኖች አሌሃንድሮ ፊኒስቴሬን፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ማድሪድ ላይ በቦምብ ቆስሎ ሆስፒታል ሲተኛ ኳስ መጫወት የማይችሉ የቆሰሉ ልጆች አይቶ፣ ፍራንሲስኮ ሀቪየር አልቱና የተባለ ባስካዊ አናጢ ሠራለት፣ በ1937 ባርሴሎና አስመዘገበው ይላሉ። ፈረንሳዮች ደግሞ መሐንዲሱን ሉሲየን ሮዘንጋርን ያነሳሉ። በየአገሩ የበቀለ ጨዋታ ነው፤ ጠረጴዛውም ያንኑ ይመስላል። የስፔኑ ሰው ሁለት እግሩ የተለያየ ነው፣ ሌላው ጋ እግሩ አንድ ወጥ ነው። አንዱን መርጠህ ሌላውን መሻር ግማሹን ዓለም ቤትህን ዝጋ ማለት ነው።

ሕገ ደንብ፦
ከታሪኩ የተረጋገጠውን እንለይ። የቶርንተን የፈጠራ ማመልከቻ በ1922 ገብቶ በ1923 ጸድቋል፤ ወረቀቱ አለ። ፊኒስቴሬ ግን ወደ ፈረንሳይ ሲሸሽ ፒሬኔ ተራሮች ላይ ዝናብ ሰነዱን አበላሸብኝ ብሏል። ያምራል፤ በማስረጃነት ግን አይቆምም። ደግሞ ተመሳሳይ ጨዋታዎች ከ1890ዎቹ ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ተመዝግበዋል፤ ስለዚህ «የመጀመሪያው» የሚለው ክርክር ለማንም ድምፅ አያስገኝም። በዚያ ላይ የስፔኑ ባለ ሁለት እግር ጠረጴዛ ከአምስቱ አንዱ አልነበረም። ብዝኃነት የምትለው ነገር ራሱ አጥር አለው፤ አጥሩን ያጠረው ደግሞ ታሪክ ሳይሆን የአምራች ውል ነው።

የፒሬኔ ዝናብ፦
ስለ ስፔኑ ልክ ነህ። መፍትሔው ግን አጥሩን ማስፋት ነው፣ ወደ አንድ ማጥበብ አይደለም።

የሚዙላ ሒሳብ፦
«አንድ ጠረጴዛ» ተሞክሯል፤ የት እንደደረሰም ይታወቃል። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሊ ፔፓርድ «ቶርናመንት ሶከር» የሚባል ጠረጴዛ እየሸጠ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ብቻ የሚካሄድ ውድድር አቋቋመ። ሞንታና ውስጥ ሚዙላ ላይ በ1,500 ዶላር ሽልማት ተጀምሮ፣ በአሥር ዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ጠቅላላ ሽልማቱ አንድ ሚሊዮን ዶላር የሆነ ተከታታይ ውድድር ደረሰ። ፖርሽ መኪና ሁሉ ይሸለም ነበር። ደንብ አውጪው፣ ሽልማት ከፋዩና ጠረጴዛ ሻጩ አንድ ሰው ነበር። የቪዲዮ ጌም ማሽኖች መጠጥ ቤቱን ሲይዙ የጠረጴዛ ሽያጭ ወደቀ። በ1981 ኩባንያው ከሰረ፤ ውድድሩም አብሮት ወደቀ። አንድ ጠረጴዛ ስትመርጡ አንድ የባንክ ሒሳብ ላይ መንጠልጠላችሁ ነው።

ባለ ቶርኔዶ፦
ኩባንያው የከሰረው ጠረጴዛው አንድ ስለነበረ አይደለም። ሽልማቱ ከሽያጭ ትርፍ ይወጣ ስለነበረ ነው። ሽያጩ ሲቆም አምስት ጠረጴዛ ቢኖር ኖሮስ ማን ይከፍል ነበር? ከውድቀቱ በኋላ ተጫዋቹ ወደ ቶርኔዶ ዞረ፤ አሜሪካ ውስጥ ጨዋታው የዳነው በሌላ አንድ ጠረጴዛ ነው።

የሚዙላ ሒሳብ፦
ዳነ፣ ግን አነሰ። እሱንም ጨምርበት።

ዳኛ ሰላም፦
አንድ ነገር እየተዘነጋ ነው፤ ደንቡ ተዋሕዷል እኮ። በየትኛውም ጠረጴዛ ላይ አምስቱ አማካይ ጋ ኳስ ከ10 ሰከንድ በላይ አይያዝም፤ ሌሎቹ ዘንጎች ጋ 15 ሰከንድ ነው። የቆመች ኳስ ከአማካይ ወደ አጥቂ በቀጥታ አትተላለፍም፤ መጀመሪያ ከአማካዮቹ ቢያንስ ሁለቱ ሊነኳት ይገባል፤ የጎን ግድግዳውንም ከሁለት ጊዜ በላይ አታስመታም። በየጌሙ ለእያንዳንዱ ወገን ሁለት የ30 ሰከንድ እረፍት። ጌሙ በ5 ጎል ያልቃል፤ ከአምስት ጌም ሦስት ያሸነፈ ያልፋል፤ የመጨረሻው ጌም በሁለት ጎል ልዩነት፣ ቢበዛ እስከ 8። ታዲያ ደንቡ ላይ መስማማት ከተቻለ ጠረጴዛው ላይ ምን ያቅታል?

የሰፈር በረኛ፦
እህቴ፣ ማሽከርከርንስ ረሳሽው? እዚህ መንገድ ዳር፣ ላስቲክ ጥላ ሥር፣ ሁለት እጅ እጀታው ላይ ጥሎ እንደ ወፍጮ ያልፈተለ ማን አለ? ማሽከርከር ከተከለከለ ተሸናፊ ይከፍላል የሚለው ሕግ ብቻ ነው የሚቀረን።

ዳኛ ሰላም፦
አልረሳሁትም። የሚከለከለው ሰውዬው ኳስ ከመምታቱ በፊት ከ360 ዲግሪ በላይ ከዞረ፣ ወይም ከመታ በኋላ ከ360 ዲግሪ በላይ ከዞረ ነው። ሁለቱ አይደመሩም። «እባብ» የሚፈቀደውም ለዚህ ነው። ሲዞር የገባ ጎል አይቆጠርም። የመንገድ ዳሩ አጨዋወት ብዙ ጊዜ የሚወድቅበት ምክንያት ደግሞ ከሕጉ በፊት ቴክኒኩ ነው፤ የሚፈተል ዘንግ ኳሷን የሚመታበትን ቅጽበት ተጫዋቹ አይመርጥም፤ ስለዚህ አቅጣጫው ዕጣ ነው። ረግጦ የሚይዝ ሰው ቀዳዳውን አይቶ ይመታል።

የሰፈር በረኛ፦
ዕጣውም ብዙ ጊዜ ለእኔ ይወጣል። 😄

ጋሽ አናጢ፦
ልጆች፣ ሁለታችሁም ወገኖች የምትከራከሩት ስለ ብራንድ ነው። ጠረጴዛ ቴኒስን ተመልከቱ። የእነሱ ፌዴሬሽን ከ1926 ጀምሮ አለ፤ ደንባቸው የአንድ ፋብሪካ ስም አይጠራም። ርዝመቱ 2.74 ሜትር፣ ስፋቱ 1.525፣ ከፍታው 76 ሴንቲ ሜትር፤ ኳስ ከ30 ሴንቲ ሜትር ሲለቀቅ ወደ 23 ሴንቲ ሜትር መንጠር አለበት። ይህን ያሟላ ሁሉ ይሠራል፣ ያስፈትሻል፣ ይሸጣል። ለጆተኒም እንዲሁ ልኬት ቢወጣ አምስት ስም አያስፈልግም፤ አንድም ስም አያስፈልግም።

ይህ ለእኛ ከማንም በላይ ይጠቅማል። አዲስ አበባም ሆነ ክፍለ ሀገር ጆተኒ የሚሠራው እንጨትና ብረት ቤት ነው። በብራንድ ከሄድን አንድም የአገር ውስጥ ጠረጴዛ ይፋዊ ውድድር አያስተናግድም፤ ክለብ ለማቋቋም ጠረጴዛ በኮንቴይነር ማስመጣት ሊኖርብን ነው። በልኬት ከሄድን ግን ጥሩ አናጢና ጥሩ በያጅ ይበቃናል።

ባለ ቶርኔዶ፦
ጋሽ፣ ሐሳብዎ ደስ ይላል፤ ግን ጠረጴዛ ቴኒስ ላይ ዋናው ነገር ንጥረት ነው፣ እሱም በቀላሉ ይለካል። ጆተኒ ላይ ኳሷ አትነጥርም፣ ትንከባለላለች፣ ትረገጣለች። ተረግጣ መያዟን በምን ይለኩታል?

ጋሽ አናጢ፦
ጥሩ ጠየቅክ። ሦስት ነገር ነው የሚለካው።

ፍጥነት፦ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ቦይ በተወሰነ ማዕዘን አጋድም፤ ኳሷን ከላይ ልቀቅና ሜዳው ላይ ምን ያህል ሄዳ እንደቆመች ለካ። በርዝመት፣ በወርድ፣ በመልሱም። በሁለቱ አቅጣጫ ልዩነት ካለ ችግሩ ሜዳው ሳይሆን የጠረጴዛው መዘንበል ነው፤ መጀመሪያ ውሃ ልክ አስቀምጥና የእግሩን ብሎን አስተካክል።

መያዝ፦ ኳሷን በእግር ረግጠህ በምንጭ ሚዛን ወደ ጎን ሳባት፤ የምታመልጥበት ጉልበት ነው መለኪያህ። ማእከሉ ላይ፣ ከጎል ፊት፣ ጥግ ላይ ለየብቻ። አርጅቶ የለሰለሰ ሜዳ በመጀመሪያ የሚከዳው መሐል አጥቂው የሚረግጥበት ቦታ ላይ ነው።

መድረስ፦ ሁሉም ዘንግ ሲዘረጋ ኳስ የማትደረስበት ቦታ መኖር የለበትም። ይህ ሚዛን አይፈልግም፤ ኳሷን እየያዝክ በእጅህ መፈተሽ ነው።

ዳኛ ሰላም፦
መያዝ ላይ አንድ እንቅፋት አለ፣ ጋሽ። ጉልበቱ የሚወሰነው በሜዳው ብቻ አይደለም። የእግሩ ጫፍ መበላት፣ የኳሷ ማርጀት፣ በላዩ ላይ ያረፈ አቧራ ይገባበታል። ስለዚህ ልኬቱ ኳስና እግርን ጨምሮ መጽደቅ አለበት፤ አለዚያ አምራቹ ሜዳውን ያስፈትሽና ሌላ ኳስ ይሸጣል። ሌላው ደግሞ ዘንጉ። ብዙ ቦታ ዘንግ የሚቀባው የሞተር ዘይት ነው። ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ ዘንጉ ከሚያልፍበት የፕላስቲክ ማቀፊያ ጋር ሆኖ እንደ ሞረድ ይበላል፣ ወደ ሜዳውም ይንጠባጠባል። ንጹሕ ሲሊኮን ማቀፊያው ጠርዝ ላይ ጠብታ ያህል፣ ከዚያ ዘንጉን ወዲህ ወዲያ ማመላለስ፤ የተረፈውን በጨርቅ መጥረግ። ይህ ሳይደረግ የሚወሰድ ልኬት የጠረጴዛውን ሳይሆን የባለቤቱን ጠባይ ነው የሚነግረን።

የፒሬኔ ዝናብ፦
ልኬቱን እቀበላለሁ፤ ግን በረኛውስ? አንድ ወይስ ሦስት? ያንን በምንጭ ሚዛን አትለኩትም።

ጋሽ አናጢ፦
እሱ የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ድምፅ ይሰጥበት። እኔ አንድ እላለሁ። ሦስት ሲሆን ዘንጉ ወደ ጎን የሚሄድበት ርቀት ያጥራል፤ ባለ አንድ ሲሆን ደግሞ ጥጉን ከፍ ማድረግ ለአናጢ ቀላል ነው፣ ተጨማሪ ሁለት ሰው ከማሳሰር ይሻላል።

ባለ ቶርኔዶ፦
ይኸው፣ ልኬት ብለን ጀምረን አውሮፓ ላይ ደረስን! ሦስት በረኛ ባለበት ጠረጴዛ ጥጉ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሜዳው አንድ ወጥ ሰሌዳ ነው፤ የሚነሳ ጠርዝ የለም። እንጨት ቤቶቻችን ውስጥ ጥግ ላይ የሚለጠፈው ቁራጭ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ይነሳል፤ ኤምዲኤፍ ከሆነ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ከዚያ ኳሷ ጥግ ስትደርስ ትዘልላለች። ለእኛ አየር የሚስማማው ጠፍጣፋው ነው።

የሰፈር በረኛ፦
ስለ እብጠቱ እውነቱን ነው።

ጋሽ አናጢ፦
ኤምዲኤፍ አትጠቀሙ። 18 ሚሊ ሜትር የውሃ ኮምፔንሳቶ፣ ጠርዙ ቫርኒሽ የጠጣ፣ ጥጉ ከመለጠፉ በፊት በታች በኩል በብሎን የታሰረ። ከተለጠፈ በኋላ መጋጠሚያውን በሽቱኮ ሙላና በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስኪተካከል ሞርደው። ጣትህ መጋጠሚያውን ካገኘው ኳሷም ታገኘዋለች። ጠረጴዛውም ቤት ውስጥ ይግባ፤ የቤት ውስጥ ስፖርት ነው እኮ።