ሦስተኛው ካንዴላ አልወጣ አለኝ

ሰላም ወገን። ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ያላት አሮጌ ዲኤክስ መኪና አለችኝ። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት በብርዱ አልነሳ እያለች ታስጨንቀኛለች። የጣርማበርን ዳገት ስትወጣማ ጉልበት የላትም። "ካንዴላ ቀይር" አሉኝና (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ማለት ነው) አራት አዲስ ገዝቼ ቅዳሜ ግቢዬ ውስጥ ጀመርኩ።

ከአሮጌዎቹ ሁለቱ በቀላሉ ወጡ። ጫፋቸው ላይ ደረቅ ጥላሸት አለ፤ ጣት ያጠቁራል። ሦስተኛው ግን ሩብ ዙር ያህል ዞሮ ቀጥ አለ። ስገፋው ሲጥ ሲጥ ይላል። ቴስታታው (ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ የላይ ክፍል) አሉሚኒየም ስለሆነ የቀዳዳውን ጥርስ እንዳልበላው ፈርቼ ተውኩት። (ሞተሩ ገና ትኩስ ነበር። መቸኮል!) ዙሪያውን ዘይት ጠብ አድርጌበት አደረ፤ ክፍቶቹን ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኛለሁ።

አሁን ምን ላድርግ? ትንሽ መልሼ እያጠበቅሁ ቀስ በቀስ ላላላው? ወይስ ቁልፉን ባልነካው ይሻላል?

ሌላው፣ ጥላሸቱ ቤንዚን መብዛቱን እንደሚያሳይ አውቃለሁ። እዚህ ከ2700 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ስስ ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ልቀይር ወይስ ካርቡሬተሩን ላስተካክል? ፊልትሮው፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፈር ለብሷል።

ሰኞ ሸዋ ሮቢት ዕቃ ማድረስ አለብኝ። የሞከራችሁት ካለ እባካችሁ ቶሎ በሉኝ።