ከጎረቤት ለሚመጣ የግድግዳ እርጥበት ማንን ልጥራ፣ ምን ልግዛ? ጥቆማ

ቤቴ ኮልፌ ነው። የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ከጎረቤት ግቢ ጋር ይዋሰናል። ሦስት ክረምት ቀለሙ እየተላጠ፣ ሻጋታው ቁም ሳጥን ድረስ እየገባ አስለቅሶኛል። እናንተም እንደኔ ገንዘባችሁን እንዳትጨርሱ የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የጠራሁት ቀለም ቀቢ ነው። ፍቆ፣ ጂፕሰም ለጥፎ፣ ፕላስቲክ ቀለም ቀባልኝ። በጋውን አማረ። ሐምሌ ሲገባ ጂፕሰሙ ውሃ ጠጥቶ እየተፈረፈረ ወደቀ። እርጥብ ግድግዳ ላይ ጂፕሰም ማንም ቢመክራችሁ እሺ እንዳትሉ።

ቀጥሎ ከመርካቶ በሲሚንቶ መልክ የሚቦካ ዋተር ፕሩፍ ገዛሁ። ሲካን ጨምሮ ብዙ ዓይነት አለ። ልስኑን እስከ ብሎኬቱ አራግፎ ሁለቴ መቀባት ነው። ከቀለም በብዙ ይሻላል። ግን ውሃው ከውጭ እየመጣ ከውስጥ ብቻ ሲቀባ መውጫ ይፈልጋል። እኔ ጋ ከተቀባው በላይ ብቅ አለ።

ከሁሉም በፊት መጥራት የነበረብኝ ልምድ ያለው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። "በበጋም ይረጥባል?" ብሎ ጠየቀኝ። በበጋም ከረጠበ የቧንቧ ወይም የፍሳሽ መስመር ይጠረጠራል። ያን ጊዜ ጎረቤት ቧንቧውን ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪውን ይመልከት፤ ከዞረ የሆነ ቦታ ያፈሳል። በክረምት ብቻ ከሆነ ግን የዝናብ ውሃ ነው። የኔ እንደዚያ ሆነ። የጎረቤቴ ጣሪያ አሸንዳ የለውም፤ ውሃው ግድግዳዬ ሥር ይወርዳል። አፈሩም ከወለሌ በላይ ተቆልሏል።

ጎረቤቴ ትልቅ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ ይግቡና ቡና ይጠጡ" ብዬ ግድግዳውን አሳየኋቸው። ደነገጡ። "ምነው ልጄ፣ እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?" አሉ። አሸንዳውን እሳቸው አሠሩ፣ ቁፋሮውን እኔ ቻልኩ። አፈሩ ተነሣ፣ ግድግዳው ከውጭ በሲሚንቶ ተለስኖ ሬንጅ ተቀባ። ከሥሩ ጠጠር የተሞላ ቦይ ወጣለት። ከገዛሁት ሁሉ የረባኝ ይሄ ሬንጅና ጠጠር ነው።

እሺ የማይል ጎረቤት ካለባችሁ ሽማግሌ ላኩ። ፎቶውንም ከነቀኑ አስቀምጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል። ክስ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ክረምቱ ደግሞ አይጠብቅም።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ፣ ውሃው ከላይ ቤት መታጠቢያ ከሆነ ለኮርኒሳችሁ ቀለም አትግዙ። የላይኛው ወለል ሴራሚኩ ተነሥቶ ዋተር ፕሩፍ ካልተደረገ ተመልሶ ይመጣል።

የውስጡን ልስን አትቸኩሉበት። እኔ ብሎኬቱን እስከ ኅዳር ክፍት ትቼ፣ መስኮት እየከፈትኩ አደረቅሁት። ከዚያ በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ቁም ሳጥኑንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅሁት።