ወንድማማቾቹ የወሰኑት ግን ያልከፈሉት የትርፍ ድርሻ ሰኔ 30 ላይ ዕዳ ነው?

ሒሳብ ያዥ ከሳቢያን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ አስመጪ ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር) ነው የምሠራው። ባለቤቶቹ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፣ ድርሻቸው 50፣ 30 እና 20 በመቶ። የ2017ን ሂሳብ እየዘጋሁ ነው፣ ኦዲተሮች በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ። ከ2017 ትርፍ 3 ሚሊዮን ብር እንከፋፈላለን ብለው ወስነዋል። ግን እስካሁን አምስት ሳንቲም አልወጣም፤ ብሩ ጅቡቲ ላይ ባለ ዕቃ ተይዟል። ትልቁ ወንድም "ያልወጣ ብር ምን ተብሎ ይመዘገባል? ሲከፈል ትጽፊዋለሽ" ይለኛል። ብድር ስለጠየቁ ባንኩ ዕዳ እንዲያይባቸው አይፈልግም። እኔ ደግሞ ሂሳቡ በሚዘጋበት ሰኔ 30 ላይ ዕዳ ሆኖ መታየት አለበት ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ? በዚህ ሙቀት ላይ ይሄ ተጨምሮ ራሴን ሊያዞረኝ ነው።

የከዚራው፦
አቦ ቀላል ነው። ወጪ ብለሽ ዴቢት አድርጊ፣ ተከፋይ ብለሽ ክሬዲት። አለቀ።

ኦዲተሯ ከሐረር፦
ኧረ አላለቀም ወንድሜ! የትርፍ ድርሻ ወጪ አይደለም። ወጪ ካደረገችው የዓመቱ ትርፍ በ3 ሚሊዮን ይወርዳል፣ የትርፍ ግብሩም አብሮ ይበላሻል፣ ያኔ ገቢዎች ፊት ስትቀርብ አንተ አትቆምላትም። የሚነካው ያልተከፋፈለ ትርፍን ብቻ ነው።

እህቴ፣ ጥያቄሽን ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ። የተወሰነው መቼ ነው? ቃለ ጉባኤው ላይ ያለው ቀን ስንት ነው? ብሩ የሚወጣበት ቀን አያሳስበኝም።

ሒሳብ ያዥ ከሳቢያን፦
እሱ ነው ችግሩ። ሰኔ ላይ ምሳ እየበሉ "ዘንድሮ ሦስት እንካፈል" ተባብለዋል፣ እኔም ነበርኩ። ቃለ ጉባኤው የተፈረመው ግን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው፣ ራሴ ነኝ የተየብኩት። አሁን መካከለኛው ወንድም "ቀኑን ሰኔ 25 አድርጊው" ይለኛል፣ ድርሻው እንዳይረሳበት መሰለኝ። ትንሹ ደግሞ ነሐሴ ላይ ለሠርጉ 200,000 ብር ወስዷል፤ "ከድርሻዬ ትቆርጡታላችሁ" ብሎ። ቅድም መናገር ነበረብኝ፣ ይቅርታ።

ኦዲተሯ ከሐረር፦
በይ እንግዲህ መልሱ ተገለበጠ። ትልቁ ወንድም ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን ልክ አይደለም። ሰኔ 30 ላይ ዕዳ የማይሆነው ብሩ ስላልወጣ ሳይሆን፣ በዚያ ቀን ድርጅቱን የሚያስገድድ ውሳኔ ስላልነበረ ነው። የምሳ ወሬ ማንንም አያስገድድም፤ በማግስቱ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ማን ይከሳቸዋል? አይኤኤስ 10 (ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ስታንዳርድ) ላይ በግልጽ አለ፦ ከሂሳብ መዝጊያው ቀን በኋላ የተወሰነ የትርፍ ድርሻ በመዝጊያው ቀን ዕዳ ተብሎ አይያዝም። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የወጣውን ስታንዳርድ ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ክፍል 32 ያንኑ ይላል።

ስለዚህ የ2017 መግለጫ ላይ ማስታወሻ ብቻ ጻፊ፦ ጥቅምት 4 ቀን 3 ሚሊዮን ብር እንዲከፋፈል ተወስኗል፣ በዚህ መግለጫ ውስጥ እንደ ዕዳ አልተያዘም። ጆርናሉን፣ ማለትም የመዝገብ ግቤቱን፣ የምትሠሪው በ2018 መዝገብ፣ በጥቅምት 4 ቀን ነው፦

ዴቢት፣ ያልተከፋፈለ ትርፍ 3,000,000
ክሬዲት፣ ተከፋይ የትርፍ ድርሻ 3,000,000

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንክ ውስጥ ብር ኖረም አልኖረም ዕዳ ነው። ትልቁ ወንድም "ሲከፈል ትጽፊዋለሽ" ያለው እዚህ ላይ አይሠራም። ተከፋዩን በሦስት ንዑስ ሂሳብ ከፋፍይው፦ 1,500,000፣ 900,000 እና 600,000። ወንድማማቾች ሲጣሉ መጀመሪያ የሚመጡት አንቺ ጋ ነው።

ቀኑን ወደ ኋላ መመለስ ግን በፍጹም። ፋይሉ መቼ እንደተጻፈ ኮምፒውተሩ ራሱ ይናገራል፣ የተየብሽው አንቺ ስለሆንሽም አንቺ ነሽ የምትጠየቂው። መካከለኛው ድርሻዬ ይረሳል ብሎ ከሰጋ የጥቅምት 4ቱ ቃለ ጉባኤ ይበቃዋል፣ ኮፒ ስጪው።

ጀጎል፦
የትንሹን 200,000 ረስታችሁታል። ነሐሴ ላይ ውሳኔ ስላልነበረ የትርፍ ድርሻ ብለሽ አትጻፊው። ከባለድርሻ ተሰብሳቢ ብለሽ ያዢው፣ ክፍያው ቀን ላይ ታቻችይዋለሽ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ግብሩ የሚሰላው በሙሉ ድርሻው በ600,000 ላይ እንጂ በቀሪው 400,000 ላይ አይደለም። በአዋጅ 979/2008 የትርፍ ድርሻ ግብር 10 በመቶ ነበር፤ አዋጁ 2017 ላይ ስለተሻሻለ የምትከፍሉበት ቀን የሚሠራውን መጠን ውሰጂ። ለምሳሌ በ10 ብናሰላው 60,000 ለገቢዎች፣ 200,000 ለወሰደው፣ እጁ ላይ የሚገባው 340,000 ነው። ግብሩ ደግሞ ከእነሱ ድርሻ የሚቀነስ ነው፣ የድርጅቱ ወጪ እንዳታደርጊው።

ይሄን "ውሰድ፣ በኋላ እንቆርጣለን" የሚባለውን ነገር ግን ልማድ አታድርጉት። አዋጁ ለአባል የተሰጠን ብድርም፣ በይዘቱ ትርፍ ማከፋፈል ከሆነ፣ የትርፍ ድርሻ ብሎ ሊቆጥረው ይችላል። ቢያንስ በደብዳቤ ይሁን።

የከዚራው፦
እሺ እኔ ተሸንፌያለሁ 😅 ግን ባንኩስ? ማስታወሻውን አያነብም?

ኦዲተሯ ከሐረር፦
ያነባል፣ ያንብብ። ሳይነገረው ቆይቶ ጥር ላይ 3 ሚሊዮን ሲወጣ ከሚያይ ይሻላል። ድሮም ብድር የሚፈልጉ ከሆነ ክፍያውን ብድሩ እስኪለቀቅና ዕቃው እስኪሸጥ እንዲያዘገዩት ምከሪያቸው። ዕዳው ግን መዝገብ ላይ ይቆያል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይጠቅምሻል። የ2018ን የገንዘብ ፍሰት መግለጫ ስትሠሪ ይሄ ተከፋይ አሁንም ካልተከፈለ፣ ከአቅራቢዎች ዕዳ ጋር አደባልቀሽ የሥራ ማስኬጃ ካፒታል ለውጥ ውስጥ እንዳትጨምሪው። ኤክሴሉ ዝም ብሎ የአጭር ጊዜ ዕዳ ሁሉ ጨመረ ብሎ ይደምረዋል፣ ከሥራ የተገኘው ገንዘብ በ3 ሚሊዮን ያብጣል። እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ ይሄን ሠርቼ፣ የማይገጥመውን ፍለጋ ሌሊት አድሬያለሁ። ውሳኔው ብር አላንቀሳቀሰም፣ ስለዚህ የትም አይገባም። ሲከፈል ነው በመግለጫው የፋይናንስ እንቅስቃሴዎች ክፍል ውስጥ እንደ ወጪ ገንዘብ የሚታየው።

ከድሬ ነኝ፦
በዚሁ ልጠይቅ። የእኛ ድርጅት ሌላ አክሲዮን ማህበር ውስጥ 2 በመቶ አለው። እነሱ ወስነው አልከፈሉንም። እኛስ?

ጀጎል፦
የእነሱ ጉባኤ ባጸደቀበት ቀን የመቀበል መብታችሁ ተረጋግጧል። ዴቢት ተሰብሳቢ የትርፍ ድርሻ፣ ክሬዲት የትርፍ ድርሻ ገቢ። ብሩ እስኪገባ አትጠብቅ። ከማጽደቃቸው በፊት ግን፣ ወሬው ምንም ያህል ቢሞቅ፣ አትመዝግብ።

ሒሳብ ያዥ ከሳቢያን፦
ኑሩልኝ። ለትልቁ "ልክ ነህ" ስለው ፈገግ አለ፣ ጥቅምት ላይ ግን መግባቱ አይቀርም ስለው ቡናውን አስቀመጠ። ለማንኛውም ማስታወሻውን ጽፌያለሁ፣ የ200,000ውን ደብዳቤ ትንሹ ነገ ይፈርማል። ማለቴ ከጫጉላው ከተመለሰ።