ኮልፖስኮፒ ያደረጋችሁ እህቶች፣ እባካችሁ ምከሩኝ
የማህፀን በር ምርመራ ሳደርግ ኤችፒቪ (የማህፀን በር ካንሰር ሊያመጣ የሚችለው ቫይረስ) ተገኘብኝና ለኮልፖስኮፒ ተቀጠርኩ። ሐሙስ ነው። ዶክተሯ የማህፀን በሬን በማጉያ መሣሪያ እንደምታየው፣ የኮምጣጤ ዓይነት ፈሳሽ ሲቀባ ደግሞ አጠራጣሪው ቦታ ነጭ ሆኖ እንደሚወጣ ነገረችኝ። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው አለች። ይሄ አላስፈራኝም። ያስጨነቀኝ ናሙናው ነው። ትንሽ ሥጋ ሊቆረጥ ይችላል ስትለኝ ሰውነቴ ራደ፤ ማደንዘዣ ይኖር እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ወጣሁ። ናሙና የተወሰደላችሁ፣ ሕመሙ ምን ያህል ነበር? ደሙስ ስንት ቀን ቆየ? የወር አበባዬም በዚያው ሰሞን ነው የሚመጣው። ቀጠሮውን ላስቀይር? ካንሰር ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ለባለቤቴም ገና አልነገርኩትም። እናንተ እንዴት ብላችሁ ነገራችሁ?