ጀልባዋን የያዘው ማን ነው? በአንድ ስም ሁለት ሰው መንዳቱ ፍትሐዊ ነው ወይ?

ፒያሳ ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ስታዲየም ጋ ቡና ላይ የተነሳው ጭቅጭቅ እዚህ ይቀጥል ተብሏል። ላልነበራችሁ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ቨርችዋል ሬጋታ በሚባለው የኢንተርኔት የጀልባ እሽቅድምድም ጨዋታ ላይ ጀልባችን የምትሄደው በእውነተኛ ሰዓትና በእውነተኛ የንፋስ ትንበያ ነው። አንተ ስትተኛ እሷ አትቆምም። የመጨረሻ ትእዛዝህን ይዛ ትሄዳለች። ታዲያ እኔ ተኝቼ ወይም ሥራ ላይ ሆኜ ሌላ ሰው በእኔ አካውንት ገብቶ ቢነዳልኝ፣ ውጤቱ በዚህ የ23 ሰዎች ዝርዝራችን ላይ በእኔ ስም ይጻፍ ወይ?

እኔ አይጻፍ ባይ ነኝ። የደረሰብኝን ልናገር።

ባለፈው የቬንዴ ግሎብ ውድድር ኅዳር 1 ቀን 2017 እኛ በጨዋታው ከእውነተኞቹ 40 መርከበኞች ጋር እኩል ተነሳን። ከፈረንሳይ ሌ ሳብል ዶሎን ወጥቶ ዓለምን ዞሮ እዚያው መመለስ ነው። ወደ 45,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አሸናፊው ሻርሊ ዳላን በእውነተኛው ባሕር ላይ ብቻውን በ64 ቀን ከ19 ሰዓት ጨርሶታል። እኛ ከዶሮ ማነቂያ ወጥተን አዲሱ ሰፈር ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ አይዝም። የሚይዘው የበረንዳው ጥግ ብቻ ነው፣ የውሃ በርሜሉ አጠገብ። ሁለት ወር ሙሉ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ጋቢ ተከናንቤ እዚያች ጥግ ቆሜያለሁ። ስልኩን ከፍ አድርጌ ስይዘው ካርታው ይከፈታል፣ ዝቅ ሳደርገው ይጠፋል።

የገና ዋዜማ ሌሊት ከሰሜን ኮከብ ጋር አዞረስ ደሴቶች አካባቢ አንገት ለአንገት ነበርን። እሱ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያድር ነግሮናል። ጀልባው ግን በዚያ ሌሊት ሦስት ጊዜ ሸራዋን ወደ ሌላው ጎን ገለበጠች። እያንዳንዱ ልክ ንፋሱ ሲዞር ነው። በመጨረሻ በ11 ማይል ቀደመኝ። ለካ ዋሽንግተን ያለው አማቹ ነበር የያዘለት። ቅዳሜ ራሱ ነግሮናል፣ ስለዚህ ሐሜት አይደለም።

11 ማይሉ አይደለም የከነከነኝ። ያን ሌሊት ከማን ጋር እንደተወዳደርኩ አለማወቄ ነው።

ሰሜን ኮከብ፦
ወንድሜ፣ የደበቅኩት ነገር ስለሌለ ነው የነገርኳችሁ። ደንባችን አይከለክልም ነበር። ከምድር ወገብ ወዲህ ያለውን መንገድ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አማቼ ያደረገው እኔ ብነቃ የማደርገውን ነው። ቸርችል ጎዳና ያለችውን ሱቄን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ እከፍታለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ሌሊት 7 ሰዓት መነሳት አልችልም።

ደግሞ እኩልነት ካነሳን እስከ መጨረሻው እናንሳው። የአንተን ሸራዎችና ፎይል (ጀልባዋን ከውሃው ከፍ የሚያደርገውን ክንፍ) የከፈለችልህ እህትህ ናት፣ ከውጭ አገር፣ በራሷ የባንክ ካርድ። እዚህ ካርድ የሌለው ልጅ በነጻው ጀልባ ነው የሚሮጠው። አንተ ካርድ ያላት እህት አለችህ፣ እኔ ንፋስ የሚያውቅ አማች አለኝ። የአንዱ የውጭ ዘመድ እርዳታ፣ የሌላው ማጭበርበር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ለገሃር ጥግ፦
ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ምን እንዳለ ለማያውቁ ላስረዳ፣ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ነው ያለው።

ንፋሳችን የሚመጣው ጂኤፍኤስ ከሚባለው የአሜሪካኖች የትንበያ ሞዴል ነው። በቀን አራት ጊዜ ይሰላል። በእኛ ሰዓት ሌሊት 9፣ ጠዋት 3፣ ቀን 9 እና ማታ 3 ላይ። ስሌቱ መውጣት የሚጀምረው ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ዘግይቶ ነው። የማታ 3ቱ እጃችን የሚገባው እንግዲህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ዋሽንግተን ያን ጊዜ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ሰው ከሥራ ሊወጣ ሻንጣውን የሚዘጋበት ሰዓት።

አዲስ አበባ ብቻውን የሚነዳ ሰው ከአራቱ አንዱን ትንበያ ተኝቶ ያሳልፈዋል። ሁለት አገር ሆነው የሚነዱ ምንም አያመልጣቸውም። ይህ በ60 እና በ70 ቀን ሲባዛ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ፎይሉን በተመለከተ ሰሜን ኮከብ እውነት አለው። እሱም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ግን ዕቃ ነው፣ ጀልባዋ ላይ ሲታይ ሁሉም ያውቀዋል። የሚወስን ሰው ሌላ ነው። ኪውቲቪኤልኤም የሚባለውን ፕሮግራም ሁላችንም በነጻ አውርደናል፣ መንገድ ያወጣልናል። የመርከብ እሽቅድምድም ዓለም አቀፍ ደንብ ቁጥር 41 ከውጭ እርዳታ መቀበልን ይከለክላል፣ ለሁሉም ጀልባ በነጻ ክፍት የሆነ መረጃ ግን ይፈቅዳል። ኪውቲቪኤልኤም ለሁላችንም ክፍት ነው። አማቹ ለእሱ ብቻ ነው ክፍት።

የካዛንቺሷ፦
እኔን ስሙኝ እስቲ። ነርስ ነኝ፣ የሌሊት ተረኛ። ማታ 2 ሰዓት ስገባ ስልኬ ሎከር ውስጥ ይቀመጣል። ጠዋት ስወጣ ነው የማገኘው። አንዱን ትንበያ ብቻ አይደለም የማጣው። መነሳት ብፈልግ እንኳ አልችልም፣ ነቅቼ ነው የማድረው፣ ግን በሽተኛ ላይ።

ባለፈው ውድድር ብራዚል አጠገብ ጀልባዬ የባሕር ዳርቻ ላይ ወጥታ ስምንት ሰዓት ቆማ አገኘኋት። ንፋሱ ሲዞር አቅጣጫዋም አብሮ ዞሮ ነው። ከእህቴ ጋር አንድ ቤት ነው የምንኖረው፣ ጨዋታውን ከእኔ እኩል ታውቃለች። አንድ ጣት ብታስነካልኝ ትድን ነበር። ደንብ መጣስ ይመስልብኛል ብዬ ፓስወርዱን አልሰጠኋትም።

ስለዚህ ፒያሳ ማዶ፣ ብቻችሁን ንዱ ስትል ለማን ነው የምትፈርደው? ሌሊት በረንዳ ላይ መቆም ለሚችል ሰው ነው። አንተ ቆመህ ሠርተኸዋል፣ አከብርሃለሁ። ግን በረንዳው ላይ መቆም ችሎታ ነው ወይስ ጊዜ?

አራት ኪሎ፦
ይቺ ጥያቄ ከባድ ናት።

እኔ የሩጫ ሰው ስለሆንኩ በዚያ ላስረዳ። ትግስት አሰፋ በፈረንጆቹ 2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ከወንዶች ጋር በተቀላቀለ ውድድር። በ2025 ለንደን ላይ 2:15:50 ገባች፣ ያም የዓለም ክብረ ወሰን ተባለ። አራት ደቂቃ ያህል ዘግይታ! ምክንያቱም ለንደን ላይ ሴቶቹ ብቻቸውን ነው የሮጡት፣ ወንድ አሯሯጭ የለም። አንዷ ልጅ፣ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት መዝገብ። የበርሊኑን አጭበረበረች ያለ የለም፣ የለንደኑንም ዘገየች ያለ የለም።

እውነተኛው ባሕር ላይም እንደዚያው ነው። ቬንዴ ግሎብ ለብቸኛ ነው። ትራንሳት ካፌ ሎር ላይ (በፊት ትራንሳት ዣክ ቫብር ይባል የነበረው) ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚነሱት። ዘ ኦሽን ሬስ በቡድን ነው። ሁለት ሰው ይዞ ቬንዴ ግሎብ ላይ የሚቆም የለም። እኛም ሁለት ዝርዝር እናድርግ፣ ብቸኛና የጋራ።

ሰሜን ኮከብ፦
23 ሰው ነን እኮ። ለሁለት ስትከፍለን አንዱ ጋ 17፣ አንዱ ጋ 6 ይቀራል። ስድስት ሰው ምን ውድድር ነው? የጋራ ዝርዝሩን ማንም አያየውም፣ የቀጡን ነው የሚመስለኝ።

የምጽዋው፦
ልጆቼ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። በወጣትነቴ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ እንደነበርኩ ታውቃላችሁ። እዚያ የተማርኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

መርከብ ላይ ማንም ቀን ከሌሊት ብቻውን አይነዳም። ጥበቃው አራት አራት ሰዓት ነበር። ተረኛው ሊለቅ ሲል ተተኪው አጠገቡ ይቆማል። አቅጣጫውን ጮክ ብሎ ይነግረዋል፣ ተተኪው ጮክ ብሎ ይደግመዋል። ከዚያ መዝገቡ ላይ ሰዓቱ፣ አቅጣጫው፣ የንፋሱ ሁኔታና የተረኛው ፊርማ ይሰፍራል። አንድ ሌሊት እንቅልፍ አሸንፎኝ ሳልፈርም ወጣሁ። አዛዣችን ከአልጋ አስነስተው መልሰው አመጡኝ። ቆመው አስፈረሙኝ። በዚያ ሌሊት የሆነ ነገር አልነበረም፣ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው። ግን አራት ሰዓት ባለቤት የሌለው ሆኖ እንዲቀር አልፈቀዱም።

ስለዚህ እኔ የማስበው፣ ሁለት ሰው መንዳቱ ነውር የለውም። ነውሩ ፊርማው ላይ ነው። የያዘው ሰው ስም ይጻፍ።

የነርሷን ነገር ደግሞ ለይታችሁ እዩት። በፈረንጆቹ 2020 ቬንዴ ግሎብ የኬቨን ኤስኮፊዬ ጀልባ ተሰብሮ ሰጠመ። እሱን ፍለጋ መንገዳቸውን ለቀው ለሄዱት ዳኞቹ ሰዓት መለሱላቸው። ያኒክ ቤስታቨን መጨረሻው መስመር ላይ ሦስተኛ ገብቶ፣ በተመለሰለት 10 ሰዓት ከ15 ደቂቃ አሸናፊ ሆነ። አያችሁ፣ ባሕር ላይ የሚታደግ እጅ ይከበራል። የእናንተ ጀልባ ነፍስ የለባትም፣ ይገባኛል። ግን ከድንጋይ ማራቅና ሌላውን ለመቅደም ንፋስ ማደን አንድ አይደሉም።

ፒያሳ ማዶ፦
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የእርስዎ መዝገብ የፈለግኩትን ነገር ነው የሰጠኝ።

እህቴ የካዛንቺሷ፣ ጥያቄሽን ሁለት ቀን ይዤው ዞርኩ። እውነት ነው፣ በረንዳው ላይ መቆም ከፊሉ ጊዜ ነው። እኔ የሌሊት ሥራ የለኝም። አንቺን እኩል የሚያደርግሽ ነገር ካለ እኔ ማን ሆኜ እከለክላለሁ? ባሕር ዳርቻ ላይ ልትወጣ ስትል እህትሽ ታርቃት። ብቸኛ ዝርዝር ውስጥም ሆነሽ። ይህን ቅዳሜ አልቀበልም ብዬ ነበር፣ አሁን ተቀብያለሁ።

ግን ከዚያ አልፌ አልሄድም። እንዳትጋጭ አቅጣጫ መቀየር አንድ ነገር ነው። አዲስ ትንበያ ሲወጣ ከፍቶ፣ ራውቲንግ ሠርቶ (የተሻለውን መንገድ አስልቶ)፣ ሸራ ገልብጦ ማይል ማትረፍ ውድድሩ ራሱ ነው። ያን የሚያደርግ ሰው ተወዳዳሪ ነው፣ ስሙ ይጻፍ። ሰሜን ኮከብ፣ አማችህ ጎበዝ ነው። ያ የመጨረሻው ሸራ መገልበጥ፣ እኔ ነቅቼ እያየሁት ያልደፈርኩት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአንተ ስም ጀርባ መደበቅ የለበትም።

ለገሃር ጥግ፦
አንዱ ችግር እንዴት እናረጋግጣለን የሚለው ነው። አካውንቱን ማን እንደከፈተው እኛ ማየት አንችልም። ስለዚህ የጋሼን መዝገብ እዚህ ግሩፕ ላይ እናድርገው። ጀልባ ያዥ ሲቀየር አንድ መስመር፦ ሰዓት፣ ማን፣ ለምን። በእምነት ነው፣ ግን እኛ ፊት ለፊት ቡና የምንጠጣ ሰዎች ነን።

ሰሜን ኮከብ የዝርዝሩን መክፈል ስለፈራ፣ ዝርዝሩ አንድ ይሁን፣ ስሙ ግን ሁለት ይሁን። አንድ ሰው የነዳት በአንድ ስም፣ ሁለት የነዷት በሁለት ስም። የብቸኞቹን አንደኛ ለብቻ እንቆጥራለን። በፈረንጆቹ 2020 በኮምፒውተር የተደረገው የሌ ማን ቨርችዋል 24 ሰዓት የመኪና ውድድርም እንደዚሁ ነበር፣ በአንድ መኪና እስከ አራት ሾፌር፣ ሁሉም በስሙ።

ሰሜን ኮከብ፦
ሁለት ስም አንድ ዝርዝር ከሆነ እሰማለሁ። ግን የካርዱንና የፎይሉን ነገር አልመለሳችሁልኝም። የእኔ ስም አጠገብ የአማቼ ስም ከተጻፈ፣ ሙሉ ዕቃ ያለው ጀልባ አጠገብም ይጻፍ። አለበለዚያ የአንዱን እርዳታ ብቻ ነው ያያችሁት።

ፒያሳ ማዶ፦
ይጻፍ። ከእኔው ጀምሩ፣ ሙሉ ዕቃ፣ እህቴ የከፈለችው።

የካዛንቺሷ፦
እኛን ለሚቀጥለው ውድድር በሁለት ስም ጻፉን። እኔና እህቴ። እሷ ሌሊቱን፣ እኔ ቀኑን። ያዥ ስንቀያየር ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከቤት ስወጣ፣ እዚህ እጽፋለሁ።

ሰሜን ኮከብ፦
እኔ አማቼን ልጠይቀው። ስሙ እንዲወጣ ይፈልግ እንደሆን አላውቅም። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።