ትዕዛዙ ውድቅ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ከየት መጣ? (ሚሺጋን፣ ለኮሌጅ ወረቀት)

ግራ የገባው ተማሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ላንሲንግ ኮሌጅ ነው የምማረው፣ ስለ ስቴት መንግሥት የምጽፈው ወረቀት ሐሙስ ይገባል። ጉዳዩ ይሄ ነው። በፌብሩዋሪ 2019 የሚሺጋን ገዥ ግሬቸን ዊትመር የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን እንደ አዲስ የሚያዋቅር አስፈፃሚ ትዕዛዝ አወጡ፣ ቁጥሩ 2019-02። የተወካዮች ምክር ቤቱም ሴኔቱም ውድቅ አደረጉት። ታዲያ ኢግል የሚባለው አዲሱ መሥሪያ ቤት ዛሬም አለ፣ ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ አልፌ ታፔላውን አይቻለሁ! ምኑ ነው ያልገባኝ? ገዥዋስ ለምን ቪቶ አላደረጉም?

የወንዙ ልጅ፦ ቪቶ አድርገው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ተሽሮባቸው ነው የሚሆነው። ሁሌም እንደዛ ነው አሠራሩ።

ሰኒ ከዲትሮይት፦ ኧረ ወንድሜ፣ ልጁን ማርክ ታስቆርጠዋለህ! ይሄ ቪቶ የሚባል ነገር ጭራሽ የሌለበት መንገድ ነው። የ1963ቱን የሚሺጋን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ክፍል 2ን አንብብ። እዛ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ገዥው መሥሪያ ቤቶችን የሚያዋቅር ትዕዛዝ ያወጣል፣ ሕግ አውጪው 60 ቀን ይሰጠዋል፣ ዝም ካለ ትዕዛዙ ይፀናል። ለማስቆም ሁለቱም ምክር ቤቶች መቃወም አለባቸው፣ ያውም አዳራሹ ውስጥ ከተገኙት ሳይሆን ከጠቅላላው አባላት ግማሽ በላይ። የሚያሳልፉት የተቃውሞ ውሳኔ እንጂ ረቂቅ ሕግ ስላልሆነ ለፊርማ ገዥዋ ጋ አይሄድም። የማይፈርሙትን በምን ቪቶ ያደርጉታል?

ቁጥሩን ወረቀትህ ላይ አስገባው፦ 110 መቀመጫ ባለው የተወካዮች ምክር ቤት 58 ለ 51፣ 38 መቀመጫ ባለው ሴኔት 22 ለ 16። ሁለቱም በሪፐብሊካኖች እጅ ነበሩ። ከ58ቱ ሦስት ሰው ቢያፈነግጥ ኖሮ አያልፍም ነበር። እንዲህ ያለ ውድቅታ ከ1977 ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ጋሽ ገብሬ፦ ልጄ፣ ሰኒ የነገረችህ ልክ ነው፣ ጠቡ ግን በመሥሪያ ቤቱ ስም ላይ አልነበረም። በ2018 የወጡ ሕጎች ሦስት ኮሚቴዎች አቋቁመው ነበር፤ አንዱ የአካባቢ ደንቦችን፣ አንዱ የፈቃድ ጉዳዮችን የሚያይ፣ ሦስተኛው የሳይንስ አማካሪ። የኢንዱስትሪ ሰዎች ወንበር ስላላቸው ተቃዋሚዎቹ «የበካዮች ኮሚቴ» ይሏቸው ነበር። ገዥዋ በትዕዛዙ ሦስቱንም አፈረሷቸው። ሪፐብሊካኖቹም እኛ በሕግ ያቋቋምነውን እንዴት በአንድ ትዕዛዝ ብለው ተነሱ። የፍሊንት ከተማ ውሃ በእርሳስ ከተበከለ በኋላ ደግሞ ውሃውን ይቆጣጠር የነበረውን ያንን መሥሪያ ቤት ማን ያምነዋል? የእህቴ ልጅ ያኔ ፍሊንት ነበረች፣ ቡና እንኳ የምታፈላው በታሸገ ውሃ ነበር፣ ለሦስቱም ጀበና።

አሁን የጥያቄህ መልስ። ሴኔቱ ድምፅ የሰጠው ፌብሩዋሪ 14 ነው። በሳምንት ውስጥ፣ ፌብሩዋሪ 20፣ ገዥዋ 2019-06 የሚባል ሌላ ትዕዛዝ አወጡ። የደንቡንና የፈቃዱን ኮሚቴዎች ተዉአቸው፣ የሳይንሱን ብቻ አፈረሱ። ይሄኛውን ማንም አላስቆመውም፣ ኤፕሪል 22 ሥራ ላይ ዋለ። አንተ ያየኸው ታፔላ የሁለተኛው ትዕዛዝ ነው።

የወንዙ ልጅ፦ እሺ ታርሜያለሁ 😅 ግን እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር አለ?

ሰኒ ከዲትሮይት፦ እዛማ የሚኒስቴሮቹ ዝርዝር ራሱ በአዋጅ ነው የሚወጣው። አዋጅ ቁጥር 1263/2014ን እይ (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)፣ ፓርላማው ቀድሞ ድምፅ ሰጥቶበት ነው የወጣው። እዚህ ግን ቀድሞ የሚጽፈው ገዥው ነው፣ ምክር ቤቱ ካልተንቀሳቀሰ አለቀ።

ግራ የገባው ተማሪ፦ ለካ ሁለት ትዕዛዝ ነው! እኔ አንዱን ብቻ ይዤ ነው ስፈጋ የሰነበትኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእህትዎን ልጅ ቡና መግቢያው ላይ ላድርገው?

ጋሽ ገብሬ፦ አድርገው። ስሟን ብቻ እንዳትጽፍ፣ ትቆጣኛለች።