ፈረንጁ «ስቲፕ» ሲለኝ ዳገት መስሎኝ ጉድ ሆንኩ፣ እስቲ ፍቱልኝ

ጀማሪ_ጋይድ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች። ጋይድነት ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነው፣ እንግሊዝኛ አያስቸግረኝም ብዬ ነበር ግን ባለፈው አንድ እንግሊዛዊ ከነሚስቱ ይዤ የሆንኩትን ስሙኝማ። ቅዳሜ ገበያ ሰውየው ጋቢ አነሳ፣ እትዬ ዋጋውን ነገሩኝ፣ ነገርኩት፣ «ኢትስ አ ቢት ስቲፕ» አለኝ። እኔ የማውቀው ስቲፕ ዳገት ነው፣ ከተማችን ደሞ ታውቁታላችሁ፣ ደክሞት ነው ብዬ «አይዞህ ስንመለስ ቁልቁለት ነው» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና ጋቢውን አስቀምጦ ሄደ፣ እትዬም «ምን ብለህ ነው ያባረርክብኝ አንተ?» ብለው ተቆጡኝ።

ጠዋት ጠዋት ደሞ «ዩ ኦልራይት?» ይለኛል፣ የታመምኩ መስዬው ነው ብዬ ጉንፋኔን ከነመድኃኒቱ አስረዳሁት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ቀና ብሎ አይቶ አይቶ «ኖት ባድ» ብሎኝ ወጣ፣ እቺ ነገር እስካሁን አልወጣችልኝም። ማታ ላይ «አይም ናከርድ» አለ። ምንድናቸው እነዚህ?

የአዘዞው_ልጅ፦
ሃሃሃሃ ቁልቁለቱ ገደለኝ። ዋጋ ላይ ስቲፕ ካለ ተወዷል ማለቱ ነው፣ ቀንሱልኝ እያለህ ነበር። ዩ ኦልራይት ሰላምታ ነው፣ እኛስ እንዴት ዋልክ ስንባል ውሏችንን እንዘረዝራለን? አንተም «ኦልራይት» ብለህ ታልፋለህ። ለንደን የገባሁ ሰሞን አለቃዬ እንዲህ ሲለኝ ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን በመስታወት አይ ነበር። ኖት ባድ ቅር አይበልህ፣ እንግሊዝ ማድነቅ ይከብደዋል፣ የኛ ሽማግሌዎች ደስ ብሏቸው «አይከፋም» እንደሚሉት ነው። ናከርድ ድክም ብሎኛል ነው፣ ድሮ ናከር የሚባለው ያረጀ ፈረስ ለእርድ የሚገዛው ሰውዬ ነበር፣ ያለቀለት የጋሪ ፈረስ ሆኛለሁ እንደማለት። ትልቅ ሰው ፊት ግን አትበለው።

ቲቸር_ነኝ፦
አገሩንም ለዩ እንጂ። «ፒስድ» እንግሊዝ ካለው ሰክሯል፣ አሜሪካዊ ካለው ተናዷል። «ፓንትስ» ለአሜሪካዊው ሱሪ ነው ለእንግሊዙ የውስጥ ሱሪ፣ ስለዚህ እንግሊዙን ፓንትስህ ጭቃ ነክቶታል እንዳትሉት። እኔ ብያለሁ፣ ዝርዝሩን አትጠይቁኝ።

ፒያሳ_ቁጭ፦
እኛ ሙድ መያዝ የምንለውን እነሱ «ቴኪንግ ዘ ሚኪ» ይሉታል። እኛ ስሙኒ ሽልንግ እንደምንለው ደሞ ፓውንዱን «ክዊድ»፣ 5ቱን «ፋይቨር»፣ 10ሩን «ቴነር»። ምስራቅ ለንደን ያሉት ግን ይለያሉ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቤት እየመቱ ያወራሉ፣ ደረጃ ለማለት «አፕልስ ኤንድ ፒርስ»፣ ፒርስ ከስቴርስ ጋር ቤት ስለሚመታ። የባሰው ደሞ ቤት የሚመታውን ራሱን ይጥሉታል። «ሀቭ አ ቡቸርስ» ካለህ እስቲ እየው ነው፣ ሙሉው «ቡቸርስ ሁክ» ነበር፣ ሁክ ከሉክ ጋር ይመታል፣ መንጠቆውን ጥለው ሥጋ ሻጩን ብቻ አስቀሩት። የቅኔ ተማሪ ይፍታው ይሄን።

ጀማሪ_ጋይድ፦
ኑሩልኝ። አንድ ቀረች፣ ምሳ ላይ ሚስቱን ሽሮ ነው ጥብስ ብላት «አይም ኢዚ» አለችኝ፣ አስተናጋጁ ምን አለች ሲለኝ «ቀላል ነኝ አለች» አልኩት፣ ግራ ገብቶት ሽሮ አመጣ።

የአዘዞው_ልጅ፦
ሃሃሃ ለኔ ሁሉም አንድ ነው ማለቷ ነው። በልታ ምን አለች?

ጀማሪ_ጋይድ፦
ኖት ባድ።